የረጠበው ገመድ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ፓስተር «አምስት ደቂቃ» ብለውኛል፤ ሾላ ገበያ ሃያ ዓመት በርበሬ የሸጠች ሴት በአምስት ደቂቃ እንደማትጨርስ እሳቸውም ያውቃሉ። ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ያንቀኛል።

ታውቁኛላችሁ፣ ቁጡ ነበርኩ። አሥራ ስድስት ሆነን በማኅበር ተደራጅተን፣ ከእንጦጦ ሥር የጋራ መሬት ተሰጠን። በሐምሌ ዝናብ ወጥተን ራሳችን ተከፋፈልነው። ሜትር የያዘ ሰው ስለጠፋ፣ እኔ ጆንያ የማስርበትን የቃጫ ገመድ አወጣሁ። በእሱ ለካን፣ ችካል ተከልን፣ ዕጣ አወጣን። ጎረቤቴ ጋሽ ቶሎሳ ሆኑ፤ ድሮ እዚያው አካባቢ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው።

ጥቅምት ላይ ቦታዬን አጥር ላጥር ብዬ በዚያው ገመድ ስለካ፣ ቦታዬ አንድ እርምጃ ጎደለ! «ድንበር ገፊ! በሽምግልናዎ አያፍሩም?» ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባቸው።

«ዘውዴ፣ ልጄ፣ ችካሉን አልነካሁም። ዋቃ ያውቃል» አሉኝ።

የት ልሰማ! ከማኅበሩ ይባረሩ ብዬ አመለከትኩ። አንድ ቀን እዚያው ችካሉ ጋ ስጮህ ተዝለፍልፌ ወደቅኩ። ሐኪሙ «እትዬ፣ ይህን ንዴት ካልተዉ የደም ግፊቱ ይገድልዎታል» አለኝ። ሐኪም ቤት ተሸክሞ ያደረሰኝ ማን ነው? ጋሽ ቶሎሳ! አልጋዬ አጠገብ ቆመው በኦሮምኛ ጸለዩልኝ። ቋንቋውን እሰማለሁ፤ ስለ መሬቱ አንዲት ቃል አላነሱም። «ጌታ ሆይ፣ ልጄን አድንልኝ» ብቻ። እዚያው እያለቀስኩ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌሉያ!

ግን ልብ በሉ፣ ጌታን ተቀብዬም መስረቃቸውን አልተጠራጠርኩም። «ይቅር ብያቸዋለሁ፣ እርምጃዬን ብቻ ይመልሱ» እያልኩ እንጀባረር ነበር!

የማኅበሩ ጉባኤ ሊወስንባቸው በተጠራበት ጠዋት፣ ማስረጃ እንዲሆነኝ ልለካ ሄድኩ። ችካሉ ጋ የተውኩትን ገመድ ያልታሰበ ዝናብ ሲመታው አድሯል። ብዘረጋው ልክ ችካሉ ላይ አረፈ! ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ለካ ቃጫ ሲረጥብ ያጥራል! ሐምሌ ላይ የለካነው በረጠበው ነበር፣ ጥቅምት ላይ እኔ የለካሁት በደረቀው። የሁላችንም ቦታ እኩል አንሷል፤ ትርፉ መሬት ዳር ላይ ሣር አብቅሎ ተቀምጧል። አፈር በበላሁ!

ያየኝ ሰው የለም። ገመዱ እስኪደርቅ ዝም ብል እርምጃዋ የእኔ ናት፣ ሽማግሌውም ይባረራሉ። ሰይጣን «ዝም በይ» አለኝ። ክብር ለጌታ ይሁን፣ ዝም አላልኩም! ውሃው እየተንጠባጠበብኝ ገመዱን ተሸክሜ ጉባኤው መሃል ገባሁና ተንበረከኩ። ጋሽ ቶሎሳ «ተነሺ እንጂ፣ ግፊትሽን!» ብለው አነሱኝ።

ዛሬ መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ ግን ሌሊቱን በሰላም እተኛለሁ፤ ሐኪሙም «ምን አገኙ?» ይለኛል። ጌታን አገኘሁ! አፌን ሞልቼ እኮራበታለሁ። ከጎረቤቱ የተኳረፈ ካለ ይመነው፤ የእኔን ምላስ የገራ የማንን ያቅተዋል?

ጋሼ፣ ከኋላ አይደበቁ፣ ይነሱ! ወገኖቼ፣ ሌባ ያልኳቸው በሰው ፊት ነበር፤ በሰው ፊት ልመልሰው። እኚህ ሰው የማንንም ድንበር አልገፉም።