በአሻራ ያስፈረምኳቸው እናት

የማስተርስ ጥናቴ ስለ ዋስትና ነበር። ፍርድ ቤት ዋስ ጠርቶ ይውጣ ያለው ሰው ለምን ሳይወጣ እንደሚከርም ለማወቅ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከኢምፔሪያል ሆቴል ብዙም በማይርቅ አንድ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ስንቅ ይዘው የሚጠብቁ ቤተሰቦችን ሳነጋግር ሰነበትኩ። አንገቴ ላይ ባጅ፣ ክንዴ ሥር ክላሰር። ዳኛ እንኳ እንደዚያ አይኮፈስም።

እማማን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። ቀለም ቀቢ ልጃቸው ተደባድቦ ታስሯል። ዳኛው ደመወዝተኛ ዋስ ካመጣ ይለቀቅ ብለዋል፤ ዋሱ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት። እማማ ደም ግፊት ነበረባቸውና ልጄን ቤቱ ሳላየው እሞታለሁ ብለው ይፈሩ ነበር። ይህንንም ጽፌዋለሁ፣ ያውም አስምሬበት።

የስምምነት ቅጹን አነበብኩላቸው። እውነቱን ልናገር፣ አነበነብኩት። መጻፍ ስለማይችሉ በአውራ ጣታቸው አስፈረምኳቸው። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ታዲያ ይሄ የት ይደርሳል ብለው ጠየቁኝ። ጥናት ብቻ ነው፣ ልጅዎን አያስፈታም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቢሮ የለመደ አፍ አለኝ።

"ለሚመለከተው አካል ይቀርባል፣ እማማ" አልኳቸው።

ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ እንኳ አልገባኝም። አፈር ልብላ።

ከወር በኋላ የጎደለ መልስ ላሟላ ጣቢያው ብመለስ የሉም። አራብሳ ድረስ ሄድኩ። ብሎካቸው ሥር ድንኳን ተተክሏል። ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው መሆኑን የነገሩኝ ጎረቤታቸው ናቸው፣ አንድ አስተማሪ። ልጁስ ብዬ ጠየቅኩ። በቀብሩ ማግስት አስተማሪው ራሳቸው ከትምህርት ቤታቸው ደብዳቤ አጽፈው፣ ዋስ ሆነው አስወጥተውታል። ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም።

ታዲያ ምነው እስከዛሬ ቆዩ አልኩ፤ ወቃሽ መሆኔ ነው እንግዲህ።

"እኔማ ገና ያኔ ልፈርም ብያቸው ነበር" አሉ አስተማሪው። "'ተወው፣ አንተን ምን አስቸገረህ፣ ጉዳዬን የያዘችልኝ ልጅ አለች፣ ፈርሜላታለሁ' አሉኝ። ትደውላለች ብለው በየቀኑ ሲጠብቁ ነው የሞቱት።"

ልጅቷ እኔ ነኝ አልኳቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ጸጸቴ ለማን ይጠቅማል?

ልጅቷ እኔ ነኝ ማለቴን ልጁ ሰምቶ ኖሮ ከተቀመጠበት ተነስቶ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ በለቅሶ ያበጠ ሰው ነው። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"እማዬ ጣቢያ ስንቅ ስታመጣልኝ ስላንቺ ሳታወራልኝ አትሄድም ነበር" አለኝ። "ስለደከምሽልን እግዜር ይስጥልን።"

እኔም እውነቱን መናገር አቅቶኝ፣ አሜን አልኩ።