ለከድጃ የሰፋነው ድሪቶ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ አንድ ሱቅ መስኮት ፊት አቁማኝ፣ "አያቴ፣ ይሄን በእጅ የተሰፋ የአልጋ ልብስ እዪው፤ ሲያምር" አለችኝ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋ ነው። እኛ ድሪቶ እንለው ነበር። እሷ ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በደርግ ጊዜ ከእናቴ ጋር ጎጃም በረንዳ አጠገብ ስንኖር ገና ወጣት ነበርኩ። ከግቢያችን አንዷ ስታረግዝ ሴቶቹ ተሰብስበን ድሪቶ እንሰፋላታለን። ልብስ ሰፊዎች የጣሉትን ቁርጥራጭ፣ ያለቀ ነጠላ፣ የተገኘውን ሁሉ እንለቅማለን። እናቴ "ያረጀው ወደ ገላ፣ ጠንካራው ወደ ውጭ" ትል ነበር፤ ለሕፃን የሚለሰልሰው ብዙ የታጠበ ጨርቅ ነውና።

አንድ ክረምት ተራው የጎረቤታችን የከድጃ ነበር። ባሏ ሸምሱ ተሸካሚ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ፣ ከድጃና እኔ እኛ ቤት ቁጭ ብለን ስንሰፋ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ከጎረቤት የበቆሎ ጥብስ እየሸተተን፣ ሸምሱ እያለከለከ ገባ።

"አፈሳ ነው" አለ።

ወጣቱ እየታፈሰ ወደ ጦር ግንባር የሚላክበት ጊዜ ነበር። የግቢው በር አንድ ብቻ ነው። እናቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ "ግድግዳው ጥግ ተኛ" አለችው። ጨርቁን ቆለልንበት፤ ድሪቶውን ከላዩ ስበን ጉልበታችን ላይ ዘረጋንና መስፋታችንን ቀጠልን።

የገባው አብዮት ጠባቂ መሣሪያው የከበደው ልጅ እግር ነው።

"ወንድ አለ?"

"ሁሉም ሥራ ነው ልጄ። ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ በል" አለች እናቴ። አመስግኖ ይወጣል ብላ ነበር። እሱ ግን በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ።

ዓይኑ እጃችን ላይ ነው፤ ማቆም አልቻልንም። ከድጃ አንገቷን ደፍታለች። ልጁን ሰረቅ አድርጌ ሳይ መርፌው ጠልቆ ገባ፤ ጨርቅ እንዳልሆነ ወዲያው ታወቀኝ። ሸምሱ ትንፍሽ አላለም። ክሩን ስስበው ቀልቶ ወጣ።

"ደም ነው እንዴ?" አለ ልጁ ብድግ ብሎ።

"ጣቷን ወግታ ነው" አለች እናቴ።

"እስቲ አሳዪኝ።"

ግራ እጄ ገና ከድሪቶው ሥር ነበር። እንደሚሰፋ ሰው መርፌውን ወደ ታች ሰደድኩና አውራ ጣቴን ወጋሁት። እየደማ ዘረጋሁለት። ጣቴን አየ፤ ከዚያ ፊቴን ቆየት ብሎ አየኝ። ያወቀ ይመስለኛል።

"ተጠንቀቂ እህቴ" አለና በዝናቡ ውስጥ ወጣ።

ጨርቁን ስናነሳለት ሸምሱ ጭኑን ይዞ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ስል "አላህ እጅሽን ይባርከው" አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከድጃ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ድክ ድክ ማለት በጀመረችበት ዓመት ግን ሸምሱን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ አፈሱት፤ አልተመለሰም። ታዲያ ምን ጠቀምነው እያልኩ ብዙ ጊዜ ተብሰልስያለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ለከድጃ ብነግራት፣ "ሴት ልጁ አባባ ብላ ስትጠራው ሰምቷል" አለችኝ።

በስተርጅና ሳስበው፣ ሰው ለሰው የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። ለሸምሱ የጨመርንለት ዕድሜ አጭር ነው። ቢሆንም ልጅቷ አባቷን ታውቀዋለች፤ ዛሬም ስለ እሱ የምታወራው እንደምታስታውሰው ሰው አድርጋ ነው።