ከድንጋዩ ጀርባ ያለችው ጫማ

ይህን ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ፤ ከጎረቤት መጣላቴን፣ ለቱሪስት የሌለ ታሪክ ፈጥሬ ማውራቴን ሁሉ ተናዝዣለሁ። እዚች ላይ ስደርስ ግን እዘላታለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል፤ «ሌላ የለም አባ» እላቸዋለሁ። አለ እንጂ። የወንድሜን ልጅ ጫማ አስወልቄ ፎቶ አንስቻታለሁ። እናንተ ፍረዱኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

«ታዲያ ይሄ ምኑ ነው?» ትሉ ይሆናል። እኔም ራሴን ስንት ዓመት በዚሁ ሸንግዬዋለሁ።

ሲሳይ እባላለሁ፤ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። አባታችን ሲሞት ገና ሕፃን ስለነበርኩ ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ ወንድም ጋሼ እላቸዋለሁ። ከኤርፖርቱ ወዲህ ሜዳው ላይ ያርሳሉ። ከማንም ምንም ጠይቀው አያውቁም፤ ጨው እንኳ ሲያልቅባቸው ያለ ጨው ይበላሉ እንጂ ጎረቤት አይልኩም። ልጃቸው ብርቄ የስምንተኛ ክፍል ፈተናን ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ወጥታ አለፈች። ዘጠነኛ ክፍል ያለበት ትምህርት ቤት ግን ከቤታቸው በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። መንገዱ ሜዳ ነው። «ጋሼ ሲሳይ፣ ብስክሌት ቢኖረኝ እኮ ተኝቼ አረፍዳለሁ» አለችኝ እየሳቀች። ብርቄ ያኔ ሳትስቅ አትናገርም ነበር።

እኔ ብቻዬን ልግዛላት ብል አቅሜ አልፈቀደም፤ ቱሪስት የጠፋበት ክረምት ነበር። ስለዚህ በስልክ የከፈትነው የዘመድ ግሩፕ ላይ ወጣሁ። ደሴ ያለው፣ አዲስ አበባ ያለው፣ አረብ አገር ያለው ሁሉ እዚያ አለ። ብርቄ ሰርተፍኬቷን ይዛ፣ አባቷ በግ ሸጠው የገዙላትን አዲስ ጫማ ተጫምታ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ የሳቀችበትን ፎቶ ለጠፍኩና «ለጎበዟ ልጃችን ብስክሌት እንግዛላት፤ መንገዷ ሜዳ ነው፤ በሒሳብ ቁጥሬ አስገቡ» ብዬ ጻፍኩ።

ምን መጣ መሰላችሁ? ልብ መጣ። አበባ መጣ። «እሰይ የኔ ልጅ»፣ «የአጎቷን ግንባር ነው የያዘችው»፣ «አሜን»። ምን አሜን ያሰኛል? ጸሎት አላደረስኩም፤ ብስክሌት ነው ያልኩት። ያኔ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። መልስ ለማየት ሥራዬን ጥዬ ዳገት እወጣለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ የሚከፈትልኝ አንድ አውራ ጣት ነው። አንዷ «ሴት ልጅ ብስክሌት ትነዳለች እንዴ?» ትላለች። አንዱ «ላሊበላ አቀበት ላይ ብስክሌት ከምትገዙ ፍየል ግዙላት» ይላል። ሜዳ ነው ብያለሁ እኮ፤ ማን ያነባል። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሱቅ ያለው የአጎቴ ልጅ ጌጡ፣ «ይቺማ ከኔ ልጆች ትሻላለች፤ ጫማዋ ራሱ አዲስ ነው» ብሎ ጻፈ። ግሩፑ ሁሉ ሳቀለት።

ደሜ ፈላ። ጫማዋ ራሱ አዲስ ነው? ቆይ አሳይሃለሁ አልኩ።

የጫማን ነገር እኔ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ የቱሪስት መኪና ድምፅ ስሰማ ጫማዬን አውልቄ ድንጋይ ሥር እደብቅ ነበር። ባዶ እግር ሲያዩ የፈረንጆቹ አንጀት ይላወሳል፤ እስክሪብቶም፣ ደብተርም፣ አልፎ አልፎም ብር ይሰጣሉ። አንድ ቀን ወንድም ጋሼ ደረሱብኝ። ይገርፉኛል ብዬ ስጠብቅ ጫማውን ከድንጋዩ ሥር አወጡ፣ በጋቢያቸው ጠረጉ፣ ተንበርክከው ራሳቸው አጠለቁልኝ። ያ ትምህርት ለዕድሜዬ ሊበቃኝ አይገባም ነበር?

ቅዳሜ እነወንድም ጋሼ ገበያ ሲወጡ ጠብቄ ሄድኩ። ብርቄን ኩበት ስትለቅም የምትለብሰውን ቀሚስ አስለበስኳት። ጫማሽን አውልቂ አልኳት።

«ለምን?» አለች።

«ለብስክሌቱ ነው።»

«አባባ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ» አልኳት። ዋሸኋት። ጫማዋን አንድ በአንድ አውልቃ፣ ጭቃ እንዳይነካው ብላ ራሷ ከድንጋይ ጀርባ ደረቅ ቦታ ላይ አስቀመጠችው። የፈረሰ የጎረቤት በረት አጠገብ አቆምኳት። ስልኩን ሳነሳ እንደ ልማዷ ሳቀች። «አትሳቂ» አልኳት። እንደገና ሳቀች። «አትሳቂ አልኩሽ እኮ» ብዬ ጮህኩባት። ያን ጊዜ ተወች። ያቺን ነው ያነሳኋት።

እኔ ነኝ ያስወለቅኳት። እኔ ነኝ አትሳቂ ያልኳት። ማንም አላዘዘኝም።

ገንዘቡ በአራት ቀን ሞላ። ከሁሉ ቀድሞ ያስገባው ጌጡ ነው፤ ከማስገባትም አልፎ ፎቶዋን «እህታችንን እንርዳት» ብሎ በራሱ ገጽ ለቀቀው። ከሱ ሌላው ወሰደው፣ ከዚያም ሌላው። ብስክሌቱ ከወልድያ በአውቶቡስ አናት ላይ መጣ። ወንድም ጋሼ ዘመድ ሁሉ በልጃቸው ማለፍ ደስ ብሎት የላከው መስሏቸው፣ የእያንዳንዱን ስም እየጠሩ መረቁ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ አሜን አልኩ። አሁን አሜን የሚያሰኝ ነገር አገኘሁ ማለት ነው።

ብርቄ ወር ያህል ነዳችው። ከዚያ ፎቶው ዞሮ ዞሮ ትምህርት ቤቷ ገባ። ልጆቹ «ተረጂዋ» ብለው ስም አወጡላት። ወንድም ጋሼ ዘንድ የደረሰው ደግሞ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ነው፤ አንድ ጎረቤት ደግ ያደረገ መስሎት «ልጅዎ እኮ አገር አወቃት» ብሎ ስልኩን ሰጣቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ፎቶ ግን ያያሉ። ያ ሁሉ ሰው ያላየውን፣ ያነሳሁት እኔም ያላየሁትን አዩ። ከጥግ በኩል፣ ከድንጋዩ ጀርባ፣ የአንደኛዋ ጫማ አፍንጫ ብቅ ብሏል።

በማግስቱ ብስክሌቱን ከሜዳው እስከ ከተማው፣ ያን ሁሉ ዳገት፣ በእግራቸው እየገፉ አመጡት። መንዳት አይችሉ፤ መኪና ላይ ጫኑልኝ ብለው ሰው አይለምኑ። ከቤቴ ግድግዳ ጋር አስደግፈውት ላባቸውን ጠረጉ።

«ይግቡ እንጂ ወንድም ጋሼ» አልኳቸው።

«ጫማ አልገዛሁላትም ወይ ሲሳይ?» አሉኝ።

«ለሷ ብዬ እኮ ነው።»

«እሷንማ አባትሽ ያውቃል ብለሃታል» አሉና ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ።

ያኔ እንኳ ግሩፑ ላይ ወጥቼ ልጅቷ ጫማ አላት፣ ያስወለቅኳት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አልኩ? አላልኩም። «ስትነዳ የሚያሳይ ፎቶ ላክልን» ሲሉኝ «ኔትወርክ አስቸገረ» አልኩ። ብርቄ እስከ ዓመቱ አጋማሽ በእግሯ ተመላለሰች፤ ከዚያ ቀረች። ያስቀራት የሁለት ሰዓት መንገድ አልነበረም። ስሙ ነው። ብስክሌቱን ልመልስላት ብል አልነካውም አለች። አንደኛ የወጣች ልጅ ዛሬ ከተማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ታጥባለች፤ ብስክሌቱም ጓዳዬ ውስጥ ጎማው ተንፍሶ ቆሟል። በጓዳው ባለፍኩ ቁጥር እግሬን ይመታኛል፤ አውጥቼ ልሸጠው ግን እጄ እምቢ ይለኛል።

ባለፈው ጥር ተዳረች። ዘመድ ተሰብስቦ «ሙሽራዋን አንሳት እንጂ» አሉኝ፤ ጥሩ ስልክ ያለው እኔ ነኝ። ስልኩን አነሳሁ። ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ሥራ ያዘዟት ይመስል ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ጋሼ ሲሳይ፣ ልሳቅ ወይስ ልተወው?»

ስልኩን አወረድኩ። ባትሪ ዘጋብኝ አልኩ። ያም ውሸት ነው።

ይህን የጀመርኩት ይቅርታ ልለምን ብዬ ነበር። እናንተ ብትምሩኝ ግን ለሷ ምን ይፈይድላታል? ለወንድም ጋሼ «ለሷ ብዬ ነው» ያልኳትን ቃል ብቻ እዚሁ እመልሳለሁ። ለብርቄ ብዬ አልነበረም። የጌጡን አፍ ለማስያዝ ነበር።