ሲሲ ገና መንገድ ላይ ናት

እህቴ ሲሲ ከዳባት ተነስታ ዶሃ ለመድረስ ስድስት ቀን ፈጅቶባታል። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ የሚፈጅበት አራት ሰዓት ነው። ልዩነቱን እኔ ላስረዳ፤ ስድስቱን ቀን ቆሻሻ ውስጥ የኖርኩት እኔ ነኛ!

መጀመሪያ ሲሲን ልንገራችሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ በአምስት ዓመት እበልጣታለሁ። ቁመቷ አጭር ነው፣ ንግግሯም አጭር ነው። ስታዝን አታለቅስም፤ ሥራ ትፈልጋለች። አባታችን የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ እሷ የድንኳኑን ብርጭቆ በሙሉ አጥባ ጨረሰችና የታጠበውን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ደባርቅ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ሆና ገባች። ያኔ ተራራውን ሊያይ የመጣ ፈረንጅ ተራራው ላይ ካለው ሳንቃ በር ካምፕ ወርዶ እስከነጭቃው ነጩ አንሶላ ላይ ይጋደም ነበር። ሲሲ ያንን አንሶላ በቀዝቃዛ ውኃ አጥባ ታሰጣለች። በደባርቅ ብርድ አንሶላ አይደርቅም፤ ይደነድናል። መሐል ላይ አግብታ ዛሪማ ወረደች፤ ዓመት ሳይሞላት ተመለሰች። "ምነው?" ስንላት "ሙቀቱ" አለች። ባልየውም ከሙቀቱ ጋር የተደመረ ይመስለኛል፤ ግን አልነገረችንም። ከዚያ ቱሪስት ጠፋ፣ ሆቴሉም ተዘጋ። ዛሪማ ሞቀኝ ያለችው ልጅ ብድግ ብላ ኳታር ገባች። እዚያ ትልቅ ሆቴል ውስጥ በቀን አሥራ አራት ክፍል ታጸዳለች። እሷ እንደምትለው ከሆነ ዛሪማ ከዶሃ ጋር ሲተያይ ደጋ ነው።

ዘንድሮ፣ ከሄደች በአራተኛ ዓመቷ፣ የአንድ ወር ፈቃድ አግኝታ ለፋሲካ መጣች። ወሩን ሙሉ በላች፣ ተኛች፣ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሳመች። መጥረጊያ ግን አልነካችም፤ እናቴ አላስነካቻትም። አንድ ቀን ደባርቅ ሄዳ የድሮ ሆቴሏን አይታ መጣች። "እንዴት ነው?" ብላት "በሩ ላይ ፍየል ተኝቷል" አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሰኞ ጠዋት እስከ ጎንደር የሸኘኋት እኔ ነኝ። ኮሶዬ ላይ፣ ገደሉ አፋፍ፣ ሚኒባሱን አስቆመች። አመመኝ አለች። ገደሉን አሥር ደቂቃ ያህል አይታ ተመልሳ ገባች። "ተሻለሽ?" አልኳት። "ድሮም አላመመኝም" አለች።

እንግዲህ እናቴ ወይዘሮ ሥራዬ ዘንድ አንድ ሕግ አለ። መንገደኛ የወጣበት ቤት፣ መንገደኛው "ደረስኩ" ብሎ እስኪደውል አይጠረግም። ከተጠረገ ሰውየውን አብሮ ጠርጎ ማስወጣት ነው፤ አይመለስም። ሌላውም ጎረቤት ይህን ያውቃል፣ የሄደበትን ቀን ብቻ ያከብርና ይተወዋል። እናቴ ግን ታጠብቀዋለች። እንዳለው የሚባለው ባለቤቴ ለስብሰባ ጎንደር ሲሄድ እንኳ መጥረጊያው በር ኋላ ቆሞ የእሱን ስልክ ይጠብቃል። የምንኖረው ከእሷ ጋር ስለሆነ ለምደነዋል።

የሲሲ ሽኝት ደግሞ የዳግም ትንሣኤ ዕለት ነበር። ሃያ ምናምን ሰው መጥቷል። ቄጠማው በደንብ ተጎዝጉዟል። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ መርቆ ሄደ። ቄጠማው፣ የእንቁላሉ ቅርፊት፣ አጥንቱና የቆሎው ፍርፋሪ ሊሾው ላይ ቀረ። ችግር የለም፣ ማክሰኞ ትደርሳለች፣ ትደውላለች፣ እንጠርጋለን ብለን ነው።

ማክሰኞ ደወለች።

"እማ፣ ገና ነኝ" አለች።

"የት ሆነሽ ነው?"

"መንገድ ላይ።"

ወዲያው ለእኔ መልእክት ገባልኝ። "ደርሻለሁ። ለእማ እንዳትነግሪያት" ይላል። ጓሮ ወጥቼ ደወልኩላት።

"ምን ማለት ነው እንዳትነግሪያት?"

"ደረስኩ ማለት አቃተኝ፣ እታለም። አፌ ላይ ይመጣና ይቀራል።"

"እና ምን ልታደርጊ ነው?"

"እስኪወጣኝ ድረስ መንገድ ላይ ነኝ" አለች፤ ፍጹም የምታምንበት ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሴቶች በአንድ ክፍል ይኖራሉ። ሲሲ አልጋዋ ላይ በጋቢዋ ተጠቅልላ ተኝታለች። ሻንጣዋን አልፈታችም። ሐሙስ ሥራ መግባት ነበረባት፣ አልገባችም። ኬንያዊት አለቃዋ ሐኪም ዘንድ ላከቻት። ሐኪሙ ምላስሽን አውጪ አላት፣ አየ፣ ምንም የለብሽም አላት። አለቃዋም ቁርጡን ነገረቻት፦ እሑድ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃዋ ላይ ካልተገኘች ውሏ ይቀደዳል፣ ወደ አገሯ ትሸኛለች። ሐሙስ ማታ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ የአየር ጠባይ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር።

"ተነሺና ሥራሽን ያዢ! እዚህ ምን አለሽ? ለፍየሉ ልታነጥፊለት ነው?" ብዬ ጮህኩባት። በአፌ እንዲህ አልኩ። ሆዴ ግን ሌላ ነበር የሚለው። ሆዴ "ነይ" ነበር የሚለው። ካለችኝ አንዲት እህት ጋር አራት ዓመት ሙሉ በስልክ መኖር ሰልችቶኛል፤ ይህንን ግን ለእሷ አልነገርኳትም።

በዚህ መሐል ቄጠማው ደረቀ። ከደረቀ በኋላ ደቀቀ። ዶሮዎቹ ማንም እንደማያባርራቸው ሲያዩ ቤተኛ ሆኑ። እንዳለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል፣ አቧራ አይስማማውም። ራት ላይ ጠጋ ብሎ "በዚህ ፍጥነት በቅሎ ትቀድማታለች" አለኝና አነጠሰ። አራት ጊዜ አነጠሰ።

ጎረቤታችን አረጋሽ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።

"ልጅቷ አልደረሰችም እንዴ?"

"ገና ናት" አለች እናቴ።

"ኧረ ጉድ! ኳታር እንዲህ ሩቅ ነው?"

"ሩቅ ነው።"

ዓርብ ሲሆን ሰፈሩ በሙሉ ስለ ኳታር ርቀት ይነጋገር ነበር። አረጋሽ ከሱዳን ቀጥሎ ነው ስትል ሌላዋ ጎረቤት የለም፣ በመርከብ ነው አለች። እንዳለው ካርታ ላሳያችሁ ብሎ ተነሳና እኔ በዓይኔ አስቀመጥኩት።

ዓርብ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀ። እኔ የምሠራው ወረዳ መዝገብ ቤት ነው፤ ዓርብ የምሳ ሰዓታችን ይረዝማል። እናቴ ለቅሶ ሄዳለች። በሩን ዘግቼ ጠረግሁት! አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሊሾው ብቅ ሲል የጠፋ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

እናቴ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆመች። አልጮኸችም።

"የት ደፋሽው?"

"አመዱ ጋ።"

እንቅብ አንስታ ወጣች። ሞልታ ተመለሰች። ከዚያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ጤፍ እንደሚዘራ ሰው፣ በእፍኟ እየዘገነች በተነችው። አንድ እንቅብ አልበቃ ብሏት ሁለተኛ አመጣች። ከአመድ ላይ ስለታፈሰ አሁን አመዱም ተጨምሮበታል።

"የእኔን ልጅ ጠርገሽ ልታስወጪ?" አለችኝ።

"እኔስ የማን ልጅ ነኝ?" አልኳት።

ዶሮዎቹ ተመለሱ።

ቅዳሜ የንስሐ አባታችንን አባ ወልደ ሩፋኤልን ሄጄ አመጣኋቸው። እሳቸው ካልገሠጿት ማን ሊገሥጻት ነው? አባ ገቡ፣ ወለሉን አዩ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡና እግራቸውን የወንበሩ መረገጫ ላይ ሰቀሉ።

"ወይዘሮ ሥራዬ፣ ይህ ነገር በመጽሐፍ አልተጻፈም" አሉ ቀስ ብለው።

"አውቃለሁ አባታችን። መጽሐፉ ሲጻፍ ኳታር የሚሄድ ልጅ አልነበረም።"

አባ ወደ እኔ ዞሩ። "ለመሆኑ ልጅቱ የት ናት?"

አቤት! ለንስሐ አባት እንዴት ይዋሻል? "ዶሃ ናት አባ። ማክሰኞ ደርሳለች" አልኳቸው፤ እናቴ በእንቅቡ ራሴን እስክትለኝ እየጠበቅሁ።

"ማክሰኞ ንጋት ላይ" አለች እናቴ።

ዞር ብዬ አየኋት። "ታውቂ ነበር?"

"ስትደውል ከኋላዋ ሽንኩርት ይከተፍ ነበር። አውሮፕላን ውስጥ ሽንኩርት አይከተፍም።"

"እና ይህን ሁሉ ቀን፣ እማ! ባሌ አፍንጫው ሊወልቅ!"

"ልጄ አልደረስኩም ካለች አልደረሰችም" አለች እናቴ። "ደርሰሻል ብዬ እኔ ልገፍትራት? እዚያ ሆና ልቧ እዚህ ነው። ልቧ እዚህ እያለ ምኑን ነው የምጠርገው?"

አንጀቴን በላችው፣ ምን ልደብቅ። ግን አንድ ያላወቀችው ነገር ነበረና ነገርኳት፦ ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ካልገባች ሥራው እንደሚያልቅ። እናቴ ፊቷ ተለወጠ።

"ይህን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሽንኩርቱን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደውይላት። የሚያሳየውን አድርጊው" አለች።

በቪዲዮ ደወልሁ። ሲሲ ጋቢዋ ውስጥ ናት፤ ዓይኗ አብጧል። እናቴ ስልኩን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሰላም እንኳ አላለቻትም፤ ስልኩን ወደ ወለሉ አዞረችው።

"እንዴ!" የሚል ድምፅ መጣ። "ምንድን ነው እሱ?"

"ቤታችን ነው።"

"ሶፋው ሥር ያለው አመድ ነው?"

"አመድ ነው።"

"ያኛውስ? የዶሮ ነው እንዳትይኝ።"

"የዶሮ ነው።"

"እማ፣ ምን ሆናችሁ?"

"አንቺን እየጠበቅን ነዋ። ገና ነኝ ብለሽ የለ?"

በቀን አሥራ አራት ክፍል የምታጸዳ ሴት ነች፤ እንዲህ ያለ ወለል አይታ አታውቅም። እናቴ ስልኩን ወደ ራሷ መለሰችው።

"ስሚኝ ልጄ። መምጣት ካማረሽ ነይ። ማንም ምንም አይልሽም፤ የሚል ካለ እኔ አለሁ። ቤቱ እንዲሁ ሆኖ ይጠብቅሻል፣ ዓመትም ይሁን። መንገድ ላይ ግን አትኑሪ። መንገድ ላይ አይኖርም።"

ሲሲ አለቀሰች። በአባታችን ቀብር ያላየሁትን አየሁ፤ አፍንጫዋን በጋቢዋ እየጠረገች፣ እንደ ሕፃን ትንሰቀሰቃለች። እኛም ሦስታችን ጠበቅናት። አባ ጸሎት ጀመሩ፣ ለራሳቸው ነው፣ ድምፅ አልነበረውም።

"ደርሻለሁ፣ እማ" አለች በመጨረሻ።

"እሰይ። እንኳን በሰላም ደረስሽ።"

እናቴ ሄዳ መጥረጊያውን አነሳች። ይዛው ቆመች። ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። "አንቺ ጥረጊው። ትናንት ለምደሽው የለ" አለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

"ስልኩን አትዝጉት" አለች ሲሲ። "ልየው።"

ስልኩን ቁም ሣጥኑ ላይ አስደገፍሁት። እዚያ ሆና ታዘኝ ጀመር። ከጓዳ ጀምሪ። ውኃ አርከፍክፊበት፣ አቧራው እንዳይነሣ። ሶፋውን ወደፊት ሳቢው። "እንደሱ አይደለም! ማነው ያስተማረሽ?" ትለኛለች፣ በአምስት ዓመት የምበልጣትን። አባን እግራቸውን የበለጠ ከፍ እንዲያደርጉ በትሕትና ለመነቻቸው፤ እሳቸውም ከፍ አደረጉ። ድምፅዋ እየጠራ ሄደ። የሥራ ድምፅዋ ነው፤ ደባርቅ ሆቴል ሳለች የማውቀው።

ጠርጌ ጠርጌ ሁሉንም የበሩ ደፍ ላይ ሰበሰብሁት። ለማስወጣት የቀረኝ አንድ ምት ነው።

"ቆይ" አለች ሲሲ።

ቆየሁ። እናቴም ከመስኮቱ ዞረች። ሲሲ ክምሩን ታየዋለች። እውነቱን ልናገር፣ ያችን ሰዓት "ተይው፣ ልምጣ" እንድትል ከልቤ ተመኘሁ። ብትል መጥረጊያውን እዚያው ጥዬ አዘዞ ሄጄ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እቀመጥ ነበር። እናቴን አየኋት። እሷም ያንኑ ትመኝ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ይዛዋለች።

"ነገ ጠዋት ነው የምገባው" አለች ሲሲ። "ልብሴን መተኮስ አለብኝ።"

መጥረጊያውን አስተካክዬ ያዝሁ።

"አውጪው፣ እታለም።"

አወጣሁት።