እትዬን ለማየት አምስት ሰከንድ ይጠብቁ

ቦንጋ በመምህርነት ተመድቤ በሄድኩ በሦስተኛው ዓመት የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። በቤታቸው የሚነገረው የካፋው ቋንቋ ካፊኖኖ ነበር፤ አማርኛን የለመዱት በገበያና በቢሮ ደጅ ነው። ስለዚህ እኔን ሴቲቱን «አንተ» ነበር የሚሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ግን ለመድኩት፣ እንዲያውም ደስ ይለኝ ጀመር።

ሚስታቸውን አልደረስኩባቸውም። የኮረሪማ ነጋዴ ነበሩ። ከሺሺንዳ ገበያ እሸቱን ኮረሪማ ገዝተው፣ አድርቀው፣ በክር እየሰኩ ይሸጡ እንደነበር ጎረቤቱ ሁሉ ይነግረኛል። ሰፈርተኛው «እትዬ» ይላቸው ስለነበር እኔም የማላውቃቸውን ሴትዮ እትዬ ማለት ጀመርኩ። ከእሳቸው የቀረው ምስል አንድ ብቻ ነው፤ ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተላጠ ጉርድ ፎቶ። ማኅተሙ አገጫቸውንና ግማሽ አፋቸውን ሸፍኖታል።

አንድ ቅዳሜ ከዋጫ የመጣ ዘመዳቸው ወሬ ይዞ ገባ። «እትዬን በስልክ አየኋት» አለ። «ትናገራለች፣ እጇን ታወዛውዛለች።» ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ነው፦ ከብዙ ዓመት በፊት ካሜራ የያዙ ሰዎች ስለ ኮረሪማ ፊልም ሊያነሱ መጥተው እትዬን አነጋግረዋቸው ነበር። ያ ፊልም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በመጨረሻ አንድ ሰው በነፃ ቪዲዮ የሚታይበት መተግበሪያ ላይ ለጥፎታል።

ጋሼ ዘመዳቸውን ሸኝተው ወደ ክፍሌ በር መጡ። ቆመው ነበር፤ ይግቡ ብላቸውም አልገቡም።

«ስልክህ ትልቅ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሚስቴን ታሳየኛለህ?»

ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?

በነጋታው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ፓኬጅ ገዛሁ። በእኛ ግቢ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር ስለማይረጋ ዳገቱን ይዘን ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣን። ጋሼ በበዓል የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ የፊልሙን ርዕስ ጽፌ አገኘሁትና ነካሁት።

እትዬ አልመጡም። የመጣችው ፀጉሯን የምታርገበግብ ወጣት ሴት ናት። ፀጉሯን ወደ ግራ ወረወረችው፣ ወደ ቀኝ መለሰችው፣ ደግሞ ወደ ግራ። ዓለም ላይ ስትፈጠር ከዚህ ሌላ ሥራ የተሰጣት አይመስልም። ከታች በኩል «አምስት ሰከንድ ይጠብቁ» የሚል ነገር ወደ ኋላ ይቆጥራል።

«ይሄ ማነው?» አሉ ጋሼ።

«ማስታወቂያ ናት። አሁን ትሄዳለች።»

«ምን ፈለገ?»

«የፀጉር ሻምፖ ልትሸጥልን ነው።»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አነሱና አንድ ፀጉር የሌለበትን አናታቸውን አሳዩኝ። «ለኔ?» አሉ። ተሳሳቅን። ያን ዕለት ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅነው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። ማስታወቂያው እንደ ጠራ ውሃ ነበር የሚፈሰው። አንድ ጊዜ እንኳ አልተንጠባጠበም። ሴትየዋ ሄዳ ፊልሙ ሲጀምር ግን ስልኩ ታነቀ፤ መሐል ላይ ያቺ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች። ለሻምፖ ያልጠፋው ኔትወርክ ለእትዬ ጠፋ። ጋሼ ክቧን እያዩ በትዕግሥት ጠበቁ። ቢሮ ደጅ መጠበቅ የለመዱ ሰው ናቸው።

ሲከፈት ደግሞ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ ብቅ አለ። ፊልሙን የለጠፈው እሱ ነው። አላነሳውም፣ አልደከመበትም፤ ከሌላ ወስዶ ፊቱን አስቀድሞበታል። «ሰላም ውድ ቤተሰቦቼ!» አለ። የማን ቤተሰብ ነው? ጋሼ ከዚህ ጎረምሳ ጋር ምን ዓይነት የሥጋ ዝምድና ሊኖራቸው ነው? «ገና ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ቀዩን ተጫኑ፣ ላይክ፣ ሼር!» እያለ ጣቱን ወደ ታች ይቀስራል። ከዚያ ስለ አንድ የአየር ቲኬት ቢሮ አወራልን፣ ስለ አንድ የሶፋ መሸጫ አወራልን። ጋሼ የማይሄዱበትን አውሮፕላንና የማይገዙትን ሶፋ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዳመጡት።

በመጨረሻ እትዬ መጡ። ቀጭን ሴት ናቸው፤ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርገው አስረዋል። በተዘረጋ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ቀይ ኮረሪማ ይገለብጣሉ። ቀና አሉና በካፊኖኖ መናገር ጀመሩ። ጋሼ ወደ ስልኩ አጎነበሱ። ትንፋሻቸው መስታወቱን ሲያደበዝዘው አየሁ። እትዬ እጃቸውን አንስተው አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ ደግሞ ምስሉ ተቆርጦ ባለ ቀለም ከረሜላዎች እየፈነዱ ወረዱ። ጨዋታ ነው። «አሁኑኑ ይጫኑ!» ይላል። ከፍንዳታው ጋር የሆነ ሰው ይጮኻል፣ ያጨበጭባል።

«የት ሄደች?» አሉ ጋሼ። ደንግጠው ስለነበር ይሁን አላውቅም፣ ያን ጊዜ «ሄደ» አላሉም።

ከረሜላው ሳያልቅ ፓኬጄ ማለቁን የሚነግር መልእክት ገባ።

ሰኞ ይህን ነገር ለኮምፒውተር መምህሩ ነገርኩት። መሥሪያ ቤቱ ያመጣውን አዲስ ነገር ሁሉ የሚያደንቅ፣ በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ማስታወሻ የሚይዝ ብቸኛው ሰው እሱ ነው።

«ታዲያ ነፃ አይደል እንዴ?» አለኝ። «ማስታወቂያ ባይኖር ማን በነፃ ያሳይሻል?»

«ነፃ? ከረሜላው የፈነዳው በማን ሜጋ ነው?»

«እሱማ ያንቺ ነው።»

«እኔ ከፍዬ ሻምፖ አየሁ ማለት ነው።»

«እንደዚያ ብለሽ አታስቢው» አለና ትከሻውን ሰበቀ። እንዴት ብዬ እንደማስበው ግን አልነገረኝም። ብቻ ቅን ሰው ስለሆነ የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕና በዩኤስቢ የሚሰካውን ኢንተርኔት ሊያውሰን ቃል ገባ። በትልቁ እናያለን አለ።

ያ ቃል ያመጣብንን ጣጣ ባውቅ ኖሮ እቀር ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሼን መምህራን ክፍል አስገባኋቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ እጃቸው ላይ ያቺን የመታወቂያ ፎቶ በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል። ለምን እንዳመጧት አልጠየቅኋቸውም። ሥራ የፈቱ አምስት ስድስት መምህራን ወሬውን ሰምተው ከኋላችን ቆሙ። አብዛኞቹ እንደኔ ከሌላ ክልል የመጡ ናቸው፤ ለጋሼ ወንበር ያቀረበላቸው አለ፣ «እግዜር ያጽናዎት» ያላቸውም አለ። ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው።

የኮምፒውተር መምህሩ ተጫነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶት ኖሯል። በዐረብኛ የሚዘፍን የሕፃን ዳይፐር ማስታወቂያ ክፍሉን ሞላው። ዳይፐር ብቻ የታጠቁ ሦስት ሕፃናት እየተንገዳገዱ ይጨፍራሉ፤ አንዱ ዘወር ብሎ ቂጡን ነቀነቀልን። ከኋላ ያሉት መምህራን መጀመሪያ አፍነው፣ ኋላ ማፈን አቅቷቸው ሳቁ። አልፈርድባቸውም። ነገሩ የተሠራው ለዚያው ነው። ክፉ ሥራ የሚሠራ ሰው ቢያንስ ሥራውን ያውቀዋል፤ ይሄን የሠራው ግን ማን ፊት እንዳስጨፈረው እንኳ አያውቅም፣ ለማወቅም አይፈልግም። ማለፊያው ቁልፍ አልመጣም። ይሄኛው የማይዘለል ዓይነት ነው።

ጋሼ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ፎቶዋን ኮታቸው ውስጥ ከተቱ፣ ወንበር ያቀረበላቸውን መምህር አመስግነው ወጡ። ሮጬ በሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይጠብቁ፣ አሁን ያልቃል።»

«ቤቴ ብዙ ሰው መጥቷል» አሉኝ። «ሰካራም መጥቷል፣ ለማኝ መጥቷል፣ ባለጌም መጥቷል። ሚስቴ ስታወራ ግን ማንም አላቋረጣትም። እንኳን ሌላ፣ እኔም አላቋረጥኳት።»

ብቻቸውን ቁልቁል ወረዱ። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር።

ያን ቀን ተናድጄ ከቪዲዮው ሥር ለጎረምሳው ጻፍኩለት። እኚህ እናት ማረፋቸውን፣ ባለቤታቸው ከዚህ ሌላ ምስል እንደሌላቸው፣ ከተቻለ የሶፋውንና የቲኬቱን ወሬ ቆርጦ እንዲያወጣው፣ ካልሆነም ንጹሑን ፊልም እንዲልክልን በአክብሮት ለመንኩት። «እርስዎ» ብዬ ነው የጻፍኩት። መልስ ለማየት በየቀኑ ዳገቱን ወጣሁ። በአራተኛው ቀን መለሰ፦ «እናመሰግናለን ቤተሰብ፣ ሰብስክራይብ ማድረግ አትርሱ»፤ ከጎኑ የሚስቅ ቢጫ ፊት አለ። አላነበበውም። ወይም አንብቦታል። የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

የቀረኝ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭነው ሙዚቃ ቤት ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። ባለቤቱ ሰማኝና «ይሄማ ቀላል ነው» አለ። «አወርደዋለሁ፣ ያንን ሁሉ ዝባዝንኬ ቆርጬ እጥለዋለሁ፤ ነገ ነይ።» ልመርቀው ምንም አልቀረኝም። በማግስቱ ሄጄ ሱቁ ውስጥ እንዳለሁ ከፈትኩት። ሶፋው የለም፣ ቲኬቱ የለም፣ ጎረምሳው የለም። እትዬ አሉ፤ ግንባራቸው ላይ ግን የሙዚቃ ቤቱ ስምና ስልክ ቁጥር በቢጫ ቀለም ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል። «ምርጥ ጥራት በተመጣጣኝ ዋጋ።»

«ይሄ ምንድነው?»

«የቤቱ ነው። ሁሉም ላይ አለ፤ አለዚያ ሌላ ሱቅ ይወስድብኛል።»

«የሞተች ሴት ግንባር ላይ?»

«መምህርት፣ እኔ ግንባር መርጬ አላስቀመጥኩትም። ፕሮግራሙ ነው የሚያስቀምጠው።»

ሁሉም የሚሉት ይህንኑ ነው። ፕሮግራሙ ነው። ማንም አላደረገውም፣ ማንም አላዘዘውም፤ ሻምፖዋ ራሷ መጣች፣ ዳይፐሩ ራሱ ጨፈረ። በዚያ ሱቅ ውስጥ በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀውን ያህል ጮኽኩ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ አፍር ነበር። ባለቤቱ አዳመጠኝ፣ ከዚያ ማያው ላይ ያሉትን ሴት ጠጋ ብሎ አያቸው።

«ቆይ፣ እኚህ የኮረሪማዋ እትዬ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው።»

«እናቴ ከእሳቸው በቀር ከሌላ ሰው ኮረሪማ አይገዙም ነበር» አለ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ አንድ ሰዓት ያህል ከኮምፒውተሩ ጋር ተጣልቶ ስሙንም ቁጥሩንም አጠፋው። ንቀቴን ሁሉ አልተውኩለትም፤ ግማሹን ግን ተውኩለት።

ጋሼ እምቢ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር። እሑድ ከምሳ በኋላ ዝናብ ሲጥል በራቸውን አንኳኩቼ ገባሁና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። «ኔትወርክ አያስፈልገውም፤ ማንም አይመጣም» አልኳቸው። እንዳላመኑኝ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ከመቀመጣቸው አወቅሁ።

እትዬ ጀመሩ። ጋሼ ትንሽ አዩና እኔም እንዲገባኝ ብለው መተርጎም ያዙ። «ስሙን ትናገራለች… ከየት እንደገዛችው ትናገራለች… አሁን ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት አስገባዋለሁ ትላለች።» ያ ከረሜላ የቆረጠብን ቦታ ደረስን። እትዬ እጃቸውን አንስተው ካሜራውን በጣታቸው ገሠጹ። ጋሼ በሳቅ ፈነዱ፣ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ምን አሉ?»

«እግርህን አንሳ አለችው። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ኮረሪማዋን ረግጦታል። ‹እግርህን አንሳ፤ ልትገዛ ከሆነ ግዛ፣ ካልሆነ ከሰሌኔ ላይ ውረድ› አለችው።»

ይህን ለመስማት ነው ሻምፖ፣ አውሮፕላን፣ ሶፋ፣ ከረሜላና ዳይፐር ያሳለፍነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበያ ላይ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የሰው ወሬ መሐል እየገቡ ግን አልሸጡም።

ፊልሙ ወደ ማለቂያው ሲደርስ እትዬ ተነሥተው ሰሌኑን መጠቅለል ጀመሩ። ጋሼ እጃቸውን ሰደዱና መዳፋቸውን ማያው ላይ ጫኑት።

«ዝጋው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ገና ትንሽ ይቀረዋል።»

«ሌላ ሰው ሳይመጣ ዝጋው።»

ማንም እንደማይመጣ ደግሜ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ዘጋሁላቸው።