ከቢተው አፍ ያልወጣችው ፈረንሳይኛ

ቢተው አሻግሬ ፈረንሳይኛ የተማረው ድሬዳዋ ነው። በጎረምሳነቱ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ፥ ደሴ ድረስ በእግሩ፥ ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና ሄዶ፥ በምድር ባቡር መጋዘን ተሸካሚ ሆነ። እዚያ ጡረታ የደረሱ አንድ ጸሐፊ ነበሩ፤ ከሥራ በኋላ ሠራተኞቹን ሰብስበው፥ ገበታ የከበበ ቤተ ሰብ ከተሣለበት አሮጌ መጽሐፍ ያስተምሯቸዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚናገረው «ዤ ፋን» ነው፤ ርቦኛል ማለት ነው።

ሌሎቹ ተራ በተራ አሉት። ቢተው ዘንድ ሲደርስ ግን ምላሱ አልታዘዝ አለው። የወሎ ቦረና ሰው በባዕድ ፊት ርቦኛል አይልም። ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ እንኳ «አሁን በልቼ ወጣሁ» ብሎ ነው የሰው ቤት የሚቀመጠው፤ ተለምኖ ተለምኖ፥ «በሞቴ» ሲባል ነው እጁን የሚታጠበው። ጸሐፊው ሳቁበት።

«ምነው ቢተው፥ የራበው እኮ የፈረንሳዩ ልጅ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?»

እሱ ግን ያቺን ገጽ ዘሎ ሌላውን ሁሉ ተማረ።

አባቱ ሲሞቱ አገሩ ገባ። አብዮቱ ሲመጣ የፈረንጅ መጽሐፍ የተገኘበት ሰው ይጠረጠር ነበርና፥ ከጸሐፊው ያገኘውን መጽሐፍ ከጎተራው ሥር ቀበረው፤ ምስጥ በላው። ቋንቋውም አብሮ ያለቀ መስሎት ነበር።

በሰባ ሰባት ግን ዝናቡ ቀርቶ፥ ከወግዲም ከቆላውም ሰው ወደ መካነ ሰላም ሲጎርፍ፥ ፈረንሳዮች የርዳታ ድንኳን ተከሉ። ያን ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቢተውን አስጠርቶ አስተርጓሚ አደረገው። የፈረንሳዮቹ ነርስ በመጀመሪያው ቀን አስጠነቀቀችው፤ የሚሉትን ብቻ ንገረኝ፥ ከራስህ አትጨምር አለችው። ሕፃናቱን ክንዳቸውን በጥብጣብ ትለካለች፤ ጥብጣብ ይሉኝታ አያውቅም። አዛውንቱን ግን መቼ እንደበሉ ትጠይቃለች። ለሁሉ የሚበቃ እህል ስላልነበረ፥ ካርድ የሚሰጠው ተርቤያለሁ ላለ ነው።

ከጧት እስከ ማታ እየቆመ እግሩ አበጠ። ተመስገን ሲሉት ተመስገን፥ አልሐምዱሊላህ ሲሉትም ደኅና ናቸው እያለ አስተረጎመ። ማሰብ ደክሞት ነበር።

አንድ ቀን የመንደሩ ሰው እትዬ አልታዬ ቀረቡ። በደጉ ዘመን መንገደኛ በደጃቸው ሳይበላ አያልፍም ነበር። ቀሚሳቸውን አጥበው ለብሰዋል፤ ምርኩዛቸው ግን ይንቀጠቀጣል። መቼ እንደበሉ ጠየቃቸው።

«ተመስገን በላት፤ ምንም አልጎደለብኝ። ይልቅ ይቺ ልጅ ከስታለች፤ አያበሏትም እንዴ?»

ቢተው ቃል በቃል ነገራት። ነርሷ ሳቀችና ቀጣዩን ጠራች። እትዬ አልታዬ መርቀው ሄዱ። ቢተውም ሰልፉ ረጅም ነበርና ወደ ቀጣዩ ዞረ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታቸው ሰብሪያ መጣች። የእትዬ አልታዬ ምድጃ እሳት ካየ ሳምንቱ ነው፥ ዛሬማ ከመደባቸውም አልተነሡ አለችው። ቢተው ሰልፉን ትቶ ሮጠ። ከሰብሪያ ጋር ግራና ቀኝ ደግፈው አመጧቸው። ነርሷ ያንኑ ጠየቀች። እትዬ አልታዬ «ተመስ...» ብለው ሳይጨርሱ ቢተው ቀደማቸው።

«ኤል አ ፋን» አላት። ርቧቸዋል።

ነርሷ ብድግ ብላ ካርዱን ጻፈች። አሮጊቷ የነርሷን ፊት አዩ።

«ምን አልካት?»

«ያሉትን ነው፥ እትዬ።»

«አይደለም። ዐይኗ ተለወጠ።»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ካርዱን ግን አልመለሱትም።

ከዚያ ወዲያ ቢተው የማንንም መልስ አልጠበቀም። ሰዉ ተመስገን ሲል፥ እሱ ያችኑ ሦስት ቃል ይላል፤ ቀኑን ሙሉ፥ ክረምት እስኪገባ ድረስ። ድንኳኑ ሲነቀል ብዙ የሸመገለ መሰለው።

በዓመቱ ገብሱ ደርሶ እትዬ አልታዬን ሊጠይቅ ገባ። በልቼ ወጣሁ ሊል አፉን ሲከፍት፥ ገበታውን አምጥተው ከፊቱ አስቀመጡ።

«ብላ» አሉት።

በሞቴ አላሉትም። እሱም ሳይለመን እጁን ታጠበ።