የግማሽ ጺም ካሳ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ምላጭ» ይለዋል፤ ለእጁ ብቻ ሳይሆን ለምላሱም። የደም ካንሰር ከያዘው ወዲህ በየጠዋቱ አንዲት ክኒን እየዋጠ እንደ ጤነኛ ሰው ሲሠራ ኖሯል። ዘንድሮ ግን ነጭ የደም ሴሉ እንደገና አሻቀበ።

ይኼኔ «ጋሼ» የሚለው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ፈረደ። ጡረታ የወጣ የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ መጋዘኑን ካስረከበ ወዲህ የሚቆጣጠረው ቢያጣ የሰው ጓዳ ይቆጣጠራል። ሕክምናንም እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጦ የተማረ ይመስል፣ «ክኒኑን እየደበቀ ይጥለዋል እንጂ ስንቱን ያዳነ መድኃኒት እሱ ጋ ሲደርስ ምን ነካው?» እያለ ለዘመድ አዝማዱ አዳረሰ። እህቱም አመነችው። ምላጭ በገዛ ቤቱ በየጠዋቱ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አንስቶ መፈተሽ ሆነ ዕጣው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ጉሮሮውን አምኖ የሰጠው ሰው፣ ለሚስቱ በአንዲት ክኒን ውሸታም ሆነ!

የምትከታተለው ሐኪም ግን ደሙን አስመረመረችና እውነቱን ነገረችው። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። መድኃኒቱ የካንሰሩን ሴል የሚያጠቃው አንድ ቦታ ለይቶ ነው። አሁን የካንሰሩ ዘረመል ትንሽ ተለውጦ የዚያ ቦታ ቅርፅ ተቀይሯል፤ ክኒኑ ቢደርስም አይጣበቅበትም። በሌላ መድኃኒት እንተካዋለን።»

ምላጭ ይህን ይዞ ወደ ሚስቱ አልሮጠም። «እኔ ብነግራት ማን ያምነኛል? መርዙን የተፋው አፍ ራሱ ይላሰው» አለ በሆዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ለሠርግ ሊላጭ መጣ። ምላጭ በትሕትና አስቀመጠው፤ አረፋ ቀባው፤ ቀኝ ጉንጩን ልቅም አድርጎ ላጨና ፎጣውን አጠፈ።

«ምነው?» አለ ጋሼ።

«አበቃ። ካንሰሬ ዘረመሉን ቀይሮ ነው ከመድኃኒቱ ያመለጠው፤ ሐኪሟ ነገረችኝ። እርስዎ ግን ውሸታም አደረጉኝ።»

«እኔ ምን አውቄ? ሰው ሲያወራ ሰምቼ እንጂ...»

«ከእርስዎ አፍ ወጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ ለእርስዎው ደረሰ? ጎሽ! አሁን ደግሞ ለእህትዎ ያድርሱልኝ። እሷ ላጨው ስትለኝ ግራውን እላጫለሁ።»

«ሙሽራው እየጠበቀኝ እኮ ነው!»

«ግማሽዎም ይበቃዋል።»

ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ፊታቸውን በጋዜጣ ሸፈኑ፤ ጋዜጣው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሼ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ግራ ጉንጩን በመሐረብ ይዞ ሰፈሩን አቋረጠ።

ብዙም ሳይቆይ ሚስትየው ዓይኗ ቀልቶ ገባች፤ ወንድሟ ከኋላዋ ነው።

«ሁሉንም ነገረኝ። ይቅር በለኝ... በል አሁን ላጭለትና ይሂድ።»

ምላጭ አያት አያትና፣ «አንቺን ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። «እሳቸው ግን ተራቸውን ይጠብቁ፤ ከፊታቸው ሰው አለ።»